የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙና፦ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለአያት

የጥርስ ሳሙና ሲገዙ ቱቦውን ገልብጠው በ«ፒፒኤም» የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ቁጥሩ ከሳሙናው ሚሊዮን እጅ ስንቱ ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ማዕድን፣ እንደሆነ ይነግራል። ከ1000 እስከ 1500 ከሆነ ደህና ነው። ስለ ንጣትና ስለ ጠረን የተጻፈው ማስታወቂያ መቦርቦርን አይከላከልም።

መጠኑ እንደ ዕድሜው ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለች ጀምሮ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ሕፃናት ሳሙናውን ይውጡታል፤ ቋሚ ጥርሳቸው ደግሞ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው። በዚያ ዕድሜ ፍሎራይድ የበዛበት ልጅ ጥርሱ ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ሲብስም ቡናማ ቀለም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሳሙናውን ብሩሹ ላይ የሚያደርገው ወላጅ ይሁን፤ እስከ 7 ዓመት ገደማም ልጁን ቆሞ ያስቦርሸው።

ብሩሹን ወደ ድዱ አዘንብለው በትንንሽ እንቅስቃሴ ለ2 ደቂቃ ይቦርሹ፤ ማታ ከመኝታ በፊት አንዴ፣ በቀኑ ሌላ ሰዓት አንዴ። ገፍትሮ መቦረሽ ድድን ያሸሻል እንጂ አያጸዳም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። አረፋውን ደጋግመው ይትፉ፣ በውኃ ግን አይጉመጥመጡ። ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጥ የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ገደማ በታች ይወርዳል፤ ያኔ የጥርስ ማዕድን ይሟሟል። ምራቅ ማዕድኑን መልሶ ይተካል፤ አፍ ውስጥ የቀረች ጥቂት ፍሎራይድ ካለች ደግሞ የተተካው ከበፊቱ ይጠነክራል። የተጉመጠመጠ ሰው ይህችኑ ነው አጥቦ የሚደፋት። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ብሩሽ ፈጽሞ አይዘለል።

በበለጸጉ አገሮች ይህ ሳሙና በ1970ዎቹ ከተስፋፋ ወዲህ የልጆች መቦርቦር በጉልህ ቀንሷል። ስኳር ከሳሙናው ቀድሞ በገባበት ቤት ግን የልጅ ልጅ ጥርስ ከአያቱ ጥርስ ቀድሞ ሲበሰብስ ይታያል። ቀን ሙሉ ጣፋጭ የሚጠጣን ልጅ ሳሙና ብቻውን አያድነውም።

ቀድሞ ብዙዎች በጎልማሳነታቸው ጥርሳቸውን ያስነቅሉ ነበር፤ አሁን ግን ብዙዎች እስከ እርጅና ይዘውት ይዘልቃሉ። አዲሱ ችግር ሥሩ ላይ ነው፦ ድድ ሲሸሽ የሚጋለጠው ሥር ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) የለውም፣ በአሲድ ቶሎ ይጎዳል፤ አንዳንድ መድኃኒትም አፍን ያደርቃል። አዛውንቶች ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን መስመር ለይተው ይቦርሹ። አፋቸው ከደረቀ ወይም ሥሩ መቦርቦር ከጀመረ የጥርስ ሐኪም 5000 ፒፒኤም ያለው ሳሙና ሊያዝላቸው ይችላል፤ ያ ቱቦ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።