ስለ ሳቅ በእንግሊዝኛ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ወዳጃችሁ ደስ ብሎት ሲስቅ «ምን ያስገለፍጥሃል?» ብትሉት ይቀየማችኋል። ሳቅና መገልፈጥ እንደሚለያዩ ማንም አይነግረንም፤ አድገንበታል። በእንግሊዝኛ ግን ይህ ስሜት የለንም። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ የሳቅ ቃል ሁሉ «ሳቀ» ተብሎ ይታለፋል፣ እኛም አንዱን በሌላው ቦታ እንጠቀማለን።

በብዛት የምሰማው የፈን እና የፈኒ መምታታት ነው። «ሠርጉ ፈኒ ነበር» ስንል ደስ ይል ነበር ለማለት ነው። ሰሚው ግን ሠርጉ ላይ የሚያስቅ ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር እንደነበረ ይረዳል። ደስ የሚል ነገር ፈን ነው። ፈኒ ደግሞ ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም። ወተቱ ፈኒ ይሸታል ከተባላችሁ እንዳትጠጡት፤ ሳይበላሽ አልቀረም።

ስመርክን ለተራ ፈገግታ አትጠቀሙ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ፈገግ ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የሚነገረው በራሱ ተኩራርቶ ወይም ሌላውን ንቆ ከንፈሩን ለሚያሸሽ ሰው ነው። «እናቴ በስመርክ ተቀበለችኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያስበው እናቱን ሰድቧል። ስማይል በቂ ነው።

ስኒከርም እንዲሁ ይጎዳል፤ ድምፅን አፍኖ በሰው ላይ መሳቅ ነው። እንግሊዞች ስኒገር ይሉታል። አሜሪካ የምትኖሩ ይህን ሁለተኛውን ባትጠቀሙት ይሻላል፤ ጥቁሮች ከሚሰደቡበት ቃል ጋር ድምፁ ይቀራረባል። ለራስ ቀስ ብሎ ለመሳቅ ቻክል አለላችሁ፣ ማንንም አያስቀይምም። በነገራችን ላይ ስኒከርስ ቸኮሌት ከሳቅ ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1930 ገበያ ላይ ሲውል የተሰየመው የአምራቹ የማርስ ቤተሰብ በሚወደው ፈረስ ስም ነው።

ሂዩመርን ቀልድ ብቻ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። አለቃችሁ «ኢን ባድ ሂዩመር» ናቸው ከተባለ ቀልዳቸው አይጥምም ማለት አይደለም፤ ከፍቷቸዋል፣ ዛሬ አትጠጓቸው ማለት ነው። ቃሉ በላቲን እርጥበት፣ ፈሳሽ ማለት ነበር። የጥንት ሐኪሞች የሰውን ጠባይ የሚወስኑት አራት የሰውነት ፈሳሾች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር፤ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። ከፈሳሹ ወደ ጠባይ፣ ከጠባይ ወደ ስሜት፣ በኋላም ወደ ቀልድ ተሸጋገረ። የስሜቱ ትርጉም ግን ዛሬም አልሞተም።

ንባብ ላይ የሚያደናቅፈው ላፍተር (ሳቅ) ነው። በሆሄው «ጂ» እና «ኤች» ተከታትለው ስለሚመጡ ብዙ ተማሪ ልክ እንደ ዶተር (ሴት ልጅ) «ሎተር» ብሎ ያነበዋል። ሁለቱ ፊደላት ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ የ«ኽ» ድምፅ ነበራቸው፤ ጀርመኖች መሳቅን ዛሬም ላኸን ይላሉ። እንግሊዝኛ ግን ላፍተር ላይ ድምፁን ወደ «ፍ» ለወጠው፣ ዶተር ላይ ጨርሶ ዋጠው። ላፍተር ፊት «ኤስ» ብትጨምሩ ደግሞ ስሎተር ይሆናል፤ ትርጉሙም እርድ ነው። ሆሄያቸው ቢመሳሰልም ዘራቸው ለየቅል ነው፤ ስሎተር የመጣው ከጥንት የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ነው።

ቻርትልን፣ ማለትም በደስታ ድምፅ አውጥቶ መሳቅን፣ ጥንታዊ ቃል አድርጎ የሚያስብ አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል ቻክልን ከስኖርት (በአፍንጫ ድምፅ ማውጣት) ጋር አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1871 የፈጠረው ነው።

በስልክ መልእክት የሚጻፈውን ሎል (LOL) «ብዙ ፍቅር» ብለው የሚረዱትም ጥቂት አይደሉም። ጮክ ብዬ እየሳቅሁ ነው ማለት ነው። ሐዘን ለደረሰበት ሰው በምትጽፉት መልእክት መጨረሻ ላይ አታስገቡት።