አሮጌ ቫዮሊን ሲጠገንና ሲገመት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ እንጨት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግር በርጩማ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ይኸው የሠለጠነ እጅ በበርጩማ ደንብ ቫዮሊን ሲነካ ነው። በርጩማ የሚሠራው ከቶውንም እንዳይላቀቅ ነው፤ ቫዮሊን ግን ተከፍቶ እንዲጠገን ታስቦ ነው የሚገጣጠመው።

በማይለቅ ማጣበቂያ መለጠፍ

አናጢ ነጩን ኮላ ያምናል፤ የቸኮለ ደግሞ ሱፐር ግሉ ጠብ ያደርጋል። ቫዮሊን ሠሪዎች ግን ዛሬም የሚጠቀሙት ከእንስሳት ቆዳ የሚቀቀለውን ሙጫ ነው፤ ሙቀትና ውኃ ሲያገኝ ይለቃል። የሙጫው ደካማነት ሆን ተብሎ ነው። የጅማ ዝናብ አልፎ በጋ ሲገባ እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ያን ጊዜ ሙጫው ቀድሞ ከለቀቀ ጠርዙ ብቻ ይከፈታል፣ መልሶ ማጣበቁም ቀላል ነው። ማጣበቂያው ከእንጨቱ ከበረታ ግን የሚሰነጠቀው እንጨቱ ራሱ ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ወደ እንጨቱ ሥር ስለሚሰርግ ኋላ የሚመጣው ጠጋኝ እንኳ አጽድቶ አያወጣውም።

መፋቅና ማብረቅረቅ

የብርጭቆ ወረቀት ከቫዮሊን ይራቅ። የመጀመሪያው ቫርኒሽ ከተፋቀ አይመለስም፤ ገማቹም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እንደ አዲስ ቁም ሣጥን የሚያበራ አሮጌ ቫዮሊን ዋጋው ወድቋል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

አራቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ መፍታት

መሲንቆ የለመደ እጅ ክር ፈትቶ መቀየር ምንም አይመስለውም። ቫዮሊን ውስጥ ግን በሙጫ ያልተያዘች፣ በክሮቹ ጫና ብቻ የቆመች ቀጭን ምሰሶ አለች። ጫናው በአንዴ ሲነሳ ትወድቃለች፣ ክሮቹን ከሥር ደግፎ የያዘው ብርኩማም አብሮ ይነቀላል። አንዱን ፈትቶ፣ ቀይሮ፣ ወጥሮ ወደ ሌላው መሄድ ነው። መቃኛው በእርጥበት ቢያብጥ በጉልበት አይታገሉት፤ ደረቅ ሳሙና ያላላዋል፣ ከተንሸራተተ ጠመኔ ይይዘዋል።

በውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት ማመን

ስንቱ ቤተሰብ «ስትራዲቫሪየስ» የሚል ወረቀት አይቶ በሐሳቡ ቤት ሠርቷል! ስሙ የተጠራው ዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1737 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተ፤ በስሙ የታተመው ወረቀት ግን ከዚያ በኋላ በጀርመንና በፈረንሳይ ወርክሾፖች በገፍ በሚመረቱ ቫዮሊኖች ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። ከስሙ ሥር በእንግሊዝኛ የአገር ስም ከተጻፈ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው፦ አሜሪካ ወደ ግዛቷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ያስገደደችው በ1890 በወጣ ሕግ ነው።

እውነተኛ ወረቀት እንኳ የማንን እጅ እንደሚናገር አይታወቅም። በጣሊያኗ ክሬሞና ከተማ የአማቲ ቤተሰብ ለአራት ትውልድ ቫዮሊን ሠርቷል፤ ወንድማማቾቹ አንቶኒዮና ጂሮላሞ በጋራ ስማቸው ይፈርሙ ነበር። ስለዚህ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያየው የጭንቅላቱን ጥምዝ ቅርጽ፣ የድምፅ ቀዳዳዎቹን አቆራረጥና የቫርኒሹን አረጃጀት ነው፤ ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያነባል።

ገማቹን ገዥ ማድረግ

«ብዙም አያወጣም» ያለዎት ሰው በዚያው አፉ ልግዛው ካለ፣ ግምቱን ይተዉት። ከመጠገኑ በፊት በሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሥተው ለሌላ ባለሙያ ያሳዩ፤ ግምቱ ለሽያጭ ይሁን ለመድን ዋስትናም በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ሁለቱ ዋጋዎች አንድ አይደሉምና።