ባትሪውን ማን ይገዛል? የሶላርና የአየር ንብረት ፕሮጀክት ስንደግፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጅማ ከተማ ወጥታችሁ በየወረዳው ብትዞሩ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር የተሰቀለበት ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ አታጡም። «እስቲ መብራቱን አብሩት» ስትሉ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል»። ፓኔሉ ምንም አልሆነም። ፓኔል 25 ዓመትም ያገለግላል። ባትሪ ግን ያልቃል። ሲያልቅ የሚተካው ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ውጭ ሀገር ሆነው ለትውልድ ቀበሌያቸው ብር ለሚያዋጡ የጅማ ልጆችና በየድርጅቱ ፕሮፖዛል ለሚጽፉ ወጣቶች ነው። የዓለም ባንክ ግጭትና አለመረጋጋት ያለባቸውን አገሮች በየዓመቱ ይዘረዝራል። ሶማሊያ፣ ደቡብ ሱዳን፣ የመን፣ ኮንጎ አሉበት። የእኛም አገር አለችበት። በእንዲህ ያለ አገር ፕሮጀክት የሚሞተው ቴክኖሎጂ አንሶት አይደለም። ባለቤት አጥቶ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያው ይመዘዛሉ።

ዕቃ አስረክቦ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ጤና ኬላ ሶላር ሲተከልለት ስሌቱ ለአራት አምፖልና ለስልክ ቻርጅ ነው እንበል። ርክክቡ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ብዙም ሳይቆይ ቴሌቪዥን ይሰካበታል። ከዚያ የጎረቤት ስልክ፣ ከዚያ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ይጨመራል። ማንም ክፉ አላሰበም። መብራት በሌለበት ቀበሌ መብራት ያለው አንድ ቤት ብቻ ሲሆን «አይቻልም» ማለት ከባድ ነው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ባትሪው እንዳይጎዳ ኃይሉን ይቆርጣል። ያኔ ነገር የሚያውቅ አንድ ልጅ ይመጣና ኮንትሮለሩን ዘሎ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል። መብራቱ በራ፤ ሁሉም ተደሰተ። ባትሪው ግን በየማታው እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ነው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ተጠብቆ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚሄድ ነው። እንዲህ ሲደረግበት ዓመትም ላይሞላው ይችላል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ሰው ስልኩን ቻርጅ ማድረጉ አይቀርምና ከመጀመሪያው አስሉት። ሁለተኛ፣ ለቻርጁ ጥቂት ብር ይከፈል፤ ብሩ በባትሪው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ዕድር ለቀብር ብር ይዞ እንደሚጠብቀው፣ ይሄም ባትሪው የሚሞትበትን ቀን ይጠብቅ። ሒሳቡን የሚፈርሙት ሰዎች ከጤና ኬላውም ከቀበሌውም ሕዝብ ይሁኑ። አንድ ሰው ሲዛወር ሒሳቡ አብሮ መዛወር የለበትም። ሦስተኛ፣ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ጅማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቁ። ያ ኮንትሮለር ቢቃጠል እዚህ ይገኛል? ካልተገኘ ሰውየው 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መርካቶ ሊፈልግ ነው። አይሄድም።

ለክትባት ማቀዝቀዣ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። ባትሪ የማያስፈልገው በሶላር የሚሠራ ፍሪጅ አለ። ቀን በፀሐይ ውስጡ በረዶ ይሠራና ሌሊቱን በዚያ ቅዝቃዜ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ያቆያል። ለጤና ተቋም ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

በጥር ፀሐይ ማስላት

አጥኚው በበጋ ይመጣል፤ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያያል። ወይም የዓመቱን አማካይ የፀሐይ መጠን ከኢንተርኔት ያወርዳል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ እንደሚውል ያውቃል። ሲስተሙ መሰላት ያለበት በእነዚያ ወራት ነው። ጅረት ባለበት ቦታ ትንሽ የውኃ ተርባይን መጨመር ይቻል እንደሆነ እዩ። ፀሐይ ስትደክም ውኃው ይሞላል፤ ውኃው ሲጎድል ፀሐይዋ ትበረታለች።

ኃይል ሲባል አምፖል ብቻ ማሰብ

በገጠር ቤት ብዙውን ኃይል የሚበላው ማጀት ነው። እንጨትና ከሰል ነው። ጭሱ እናቶች ዓይንና ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው። የፕሮጀክት ሪፖርት ግን ስንት አምፖል እንደበራ ይቆጥራል።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ለቤት የሚታደለው ሶላር ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት አይበልጥም። ስለዚህ ያ ሶላር ማጀቱን አይነካውም፤ ይሄን ከመጀመሪያው በግልጽ መናገር ይገባል። ምድጃ የምታድሉ ከሆነ ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት በአካባቢው ያሉ ሴቶች ይጋግሩበት። ውኃ አፍልቶ መፈተሽ አይበቃም። ሊጡ ክብ ተደርጎ ሲዞር ምጣዱ ዳር እስከ ዳር እኩል መጋል አለበት። አለዚያ መሃሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል፣ ዓይኑም አይወጣም። እንዲህ ከሆነ እመቤቲቱ በነጋታው ወደ ሦስት ጉልቻዋ ትመለሳለች፤ አይፈረድባትም። ምርጥ ምድጃ የተባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ ምድጃ ተቀባይነት ያገኘው ከእንጀራ ተነስቶ ስለተሠራ ነው። ለወጥና ለቡና ደግሞ ላቀች የከሰል ምድጃ አለች።

ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለሁሉም አይደለም። 6 ሜትር ኩብ የሆነ ጉድጓድ በየቀኑ የአራት ከብት ያህል እበት ይፈልጋል። በዚያው ልክ ውኃም ይፈልጋል። ውኃውን የሚቀዳው ማነው? ምንጩ ሩቅ ከሆነ የሴቶቹን የእንጨት ሸክም በውኃ ሸክም ለወጣችሁት ማለት ነው። እነሱን ሳትጠይቁ አትወስኑ። ለመጠየቅ ደግሞ በገበያ ቀን ስብሰባ አትጥሩ።

ቡና የሚሸጥበትን ጊዜ አለማወቅ

«በየወሩ እየከፈሉ ሶላር ይውሰዱ» የሚለው አሠራር ኬንያ ውስጥ በደንብ ሠርቷል። እዚህ ግን ገንዘብ በየወሩ አይመጣም። በጎማ፣ በማና ወይም በሊሙ ያለ ገበሬ እጁ ላይ ብር የሚኖረው ቡናው ሲለቀም ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቢበዛ እስከ ጥር። ክረምት ላይ ማዳበሪያው አለ፣ ጎተራውም እየጎደለ ነው። በሐምሌ ክፍያ አለፈው ብላችሁ መብራቱን ከሩቅ ብትቆልፉበት ሰውየው ሌባ አይደለም፤ የእናንተ ቀን መቁጠሪያ ነው የተሳሳተው። ዋናውን ክፍያ በመኸር አድርጉት። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል እሸት ቡና ሲያስረክብ የሚቀነስበት መንገድ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ሌላም አለ። በጅማ ዙሪያ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ወለድ ያለበት ብድር ብታቀርቡለት ብዙው ሰው በትሕትና «አስብበታለሁ» ብሎ ይሄዳል። አይመለስም። እናንተም «ማኅበረሰቡ ፍላጎት የለውም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ዛሬ በብዙ ባንኮች አለ። ከመጀመሪያው በዚያ መንገድ ሂዱ።

ሜጋዋት ቆጥሮ መርካት

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ አለ። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት ይዞ ነው። ለአገር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ሽቦ በላይህ ስላለፈ ቤትህ አይበራም። ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ የመንደር መስመርና ቆጣሪ ይፈልጋል። ብዙ ለጋሾች ማመንጫ ላይ ሪባን መቁረጥ ይወዳሉ፤ መንደር ውስጥ ምሰሶ መትከል ግን ዜና አይሆንም። ገንዘብ የጎደለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የዚያ ሐይቅ ሌላው ጉዳይ ደለል ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐይቁ በአፈር እየተሞላ መሆኑን ካጠኑ ቆይተዋል። አፈሩ የሚመጣው ከላይ ካለው እርሻ ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ነው ብዬ አምናለሁ። የኃይል ፕሮጀክትና የተፈጥሮ ጥበቃ ፕሮጀክት በሁለት ቢሮ፣ በሁለት በጀት መለያየታቸው ያሳዝነኛል።

የተተከለ ችግኝ ቆጥሮ የጸደቀውን መተው

ችግኝ መትከል አንድ ጠዋት ነው። ማጽደቅ ግን ዓመታት ነው። ወላይታ ሁምቦ 2,700 ሄክታር ገደማ ደን የተመለሰው በዋናነት አዲስ ችግኝ በመትከል አልነበረም። ነባሩ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ከብት በመከልከልና በመግረዝ ነው። ደኑ ከአየር የሚመጠው ካርቦን ተቆጥሮ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለገበሬዎቹ ማኅበራት ደረሰ። ደኑን የሚጠብቁበት ምክንያት አገኙ። በእኛው ዞን፣ በለጠ-ጌራ በሚባለው ደንም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። በጃፓን ድጋፍ የተቋቋሙት የደን ማኅበራት ደኑን ጠብቀው የጫካ ቡናቸውን በተሻለ ዋጋ የሚሸጡበት መንገድ ተከፈተላቸው። ለአየር ንብረት ብር ስትሰጡ ጥያቄው «ስንት ተተከለ?» ሳይሆን «በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ቆሟል፣ የጠበቀውስ ሰው ምን አገኘ?» ይሁን።

ሥልጠና በማይገባ ቋንቋ

ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ፣ ሥልጠናው በአማርኛ፣ ጥገናው የሚሠራው ልጅ ኦሮምኛ ተናጋሪ። በኦሮምኛ አዘጋጁት፣ በሥዕል አድርጉት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚህ ያነሰ ወጪ ያለው ሥራ የለም፤ ግን ይዘለላል።

በዶላር አበድሮ ገቢውን በብር መጠበቅ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ተበድሮ መንደር ውስጥ ሚኒ ግሪድ (ለመንደሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ መረብ) የተከለ ሰው ዕዳው በብር ሲቆጠር በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው ማለት ነው። ደንበኛው ግን የሚከፍለው ያንኑ ብር ነው። አቅሙ ካላችሁ ስጦታችሁን የምንዛሪ ኪሳራ መሸፈኛ አድርጉት፤ ወይም በብር አበድሩ።

ፀሐይ ነፃ ናት ብሎ ውኃውን መርሳት

የመን ላይ ጦርነቱ በ2007 ዓ.ም ሲባባስ ነዳጅ ጠፋ፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ ሰው ሶላር ገዛ። ግሩም ነበር። ገበሬውም ፓምፑን በሶላር አደረገው። ድሮ ናፍጣ ውድ ስለሆነ ውኃ በልክ ይሳብ ነበር። አሁን ፀሐይ እስካለች ድረስ መሳብ ምንም አያስወጣም። በዚህ ምክንያት ድሮም ያነሰው የከርሰ ምድር ውኃ ይበልጥ እየሸሸ ሄደ። ጅማ ዝናብ አላት፤ ቢሆንም ለመስኖ የሶላር ፓምፕ ስናድል ምን ያህል እንደሚሳብ የሚለካ ቆጣሪ አብሮ ይተከል። ደንቡንም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያውጡት።

አንድ ቢሮ ላይ መንጠልጠልና ጥይት ሲሰማ መጥፋት

አለመረጋጋት ባለበት አገር ኃላፊ ይቀያየራል። ከአንድ ኃላፊ ጋር የተፈረመ ስምምነት ከሰውየው ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ወረዳው ይወቀው፣ ግን የቀበሌው ሽማግሌዎች፣ ዕድሩ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩም እጃቸው ላይ ኮፒ ይኑራቸው። አንዱን ቀበሌ አብርታችሁ ጎረቤቱን ስትተዉ ደግሞ ለምን እሱ እንደተመረጠ በአደባባይ ንገሩ። ካልነገራችሁ ሰው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ የብሔር ወይም የሃይማኖት ይሆናል።

ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ፣ ታጣቂ በማይጠፋበት በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ፣ በ2008 ዓ.ም ማቴቤ ላይ 13 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የውኃ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። ኃይሉ ለአካባቢው ቤቶችና ለትንንሽ ወፍጮዎች ይሄዳል። ግጭት እስኪያልቅ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ አንድም ቤት አይበራም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚቆየው ሠራተኛው የአካባቢው ሰው ሲሆን ነው፤ የውጭው ባለሙያ አገር ለቅቆ ሲወጣ እሱ እዚያው ይኖራልና። ስለዚህ በጀት ስትይዙ የሁለት ጠጋኞችን ደመወዝ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ በላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ጨምራችሁ ያዙ። መንገድ ሲዘጋ የሚያስፈልጉትን ፊውዝ፣ ኮንትሮለርና ትርፍ ባትሪም ገና በሰላሙ ጊዜ ገዝታችሁ እዚያው ቀበሌው ውስጥ አስቀምጡ።