የዳርፓ የምርምር መሪ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ አርሊንግተን ያለችውን ባልስተንን ያውቃታል። ዳርፓ ያለው እዚያ ነው። የፔንታጎን የምርምር ተቋም ነው። ሶቪየት ኅብረት በኦክቶበር 1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ አሜሪካ ደንግጣ በ1958 አቋቋመችው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የኢንተርኔት ጅማሬም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው። ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆቻችን «እዚያ እንዴት ይገባል?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ዳርፓ የራሱ ላብራቶሪ የለውም። ያሉት 100 ገደማ ፕሮግራም ማናጀሮች ናቸው፤ የምርምር መሪ ያልኩት እነሱን ነው። እነሱ ችግር ይመርጣሉ፣ ለዩኒቨርሲቲና ለኩባንያ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ይከታተላሉ፣ ያልሆነውን ያቆማሉ። የሚቆዩት ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ባጃቸው ላይ የሚወጡበት ቀን ታትሟል፣ እሱን ይዘው ይውላሉ። «ገብቼ ቀስ እያልኩ አድጋለሁ» የሚባል ነገር እዚያ የለም።

አራቲ ፕራባካርን እዩ። ኒው ዴልሂ ተወልዳ፣ በልጅነቷ አሜሪካ መጥታ፣ ቴክሳስ ነው ያደገችው። በ1984 ከካልቴክ በአፕላይድ ፊዚክስ ፒኤችዲዋን ያዘች። በ1986 ዳርፓ ፕሮግራም ማናጀር ሆና ገባች። በ34 ዓመቷ የአገሪቱ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ኃላፊ ሆነች። ከዚያ ወጥታ ሲሊከን ቫሊ ብዙ ዓመት ሠራችና በ2012 የዳርፓ ዳይሬክተር ሆና ተመለሰች። ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። ስለዚህ በሃያዎቹ ዕድሜያችሁ ማዕረግ አትቁጠሩ። አንድ ነገር ጠልቃችሁ እወቁ፤ ቺፕ ይሁን ባዮሎጂ ይሁን ሬዲዮ፣ ሰው ሲቸግረው ስማችሁን የሚጠራበት ነገር ይኑራችሁ።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ፕሮግራም ማናጀር ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። ዜግነት ገና ያልያዛችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ዳርፓ ገንዘብ በሚሰጣቸው የዩኒቨርሲቲ መሠረታዊ ምርምሮች ላይ ዜጋ ያልሆኑ ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ ይሠራሉ። ዜጋ ከሆናችሁ ስማርት የሚባለውን የፔንታጎን ስኮላርሺፕ ፈልጉ፣ የትምህርቱን ከፍሎላችሁ በኋላ መከላከያው ውስጥ ታገለግላላችሁ። ለክሊራንስ (ምስጢራዊ ሥራ ላይ ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ) የሚሞላው ኤስኤፍ 86 የሚባለው ፎርም ደግሞ ረጅም ነው። የ10 ዓመት አድራሻ ይጠይቃል፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁን ይጠይቃል፣ የውጭ ዜጋ በገንዘብ ረድታችሁ እንደሆነም ይጠይቃል። አዎ፣ አዲስ አበባ ላለችው አክስታችሁ የምትልኩትም ይጻፋል። ጻፉት። መርዳት ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው የሚያስጠረጥረው። ደረሰኞቻችሁን ከዛሬ ጀምሮ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከ1975 እስከ 1977 ዳርፓን የመራው ጆርጅ ሃይልማየር ነበር፤ ለኤልሲዲ ስክሪን መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። ፕሮፖዛል ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነበሩት፣ ዛሬም ይሠራባቸዋል። ምን ልትሠራ ነው፣ ያለ ሙያ ቋንቋ ንገረኝ። ዛሬ እንዴት ነው የሚሠራው፣ የቱ ጋ ነው የሚያቅተው? ያንተ አዲስ ነገር ምንድን ነው? ቢሳካ ለማን ይጠቅማል? አደጋው፣ ገንዘቡ፣ ጊዜውስ? መሳካቱን በምን ፈተና እናውቃለን?

አንድ ልጅ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፎ አመጣልኝ። «በባለብዙ ሴንሰር መረጃ ውህደት ላይ የተመሠረተ የመለያ ማዕቀፍ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አልገባኝም። «እስቲ ለእናትህ እንደምትነግራት ንገረኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እርሻ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ፣ ገበሬው ሳይረግጠው ከአየር ላይ ላገኝ ነው» አለኝ። ይኸው! ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ዛሬ ሥራው የሚሠራው ሰው ብረት መፈለጊያ ይዞ፣ በእግሩ፣ ስንዝር በስንዝር እየሄደ ነው። መሣሪያው ለሚስማርም ለቆርቆሮ ቁራጭም ይጮኻል፣ በጮኸ ቁጥር ደግሞ ሰውየው ተንበርክኮ በጥንቃቄ መፈተሽ አለበት። ስለዚህ ፈተናው «ስንት አገኘህ» ብቻ ሳይሆን «ስንት ጊዜ በከንቱ ጮኸ» ጭምር ነው። 100 የመለማመጃ ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ ላይ ስንቱን እንደሚያገኝና ስንት ጊዜ ቢሳሳት እንደሚፈቀድለት ቁጥሩን አስቀድሞ ይጻፍ። ካልተጻፈ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሁሉም «ተሳክቶልኛል» ይላል።

ፈተናውን ሕዝብ ፊት ማድረግን አትፍሩ። ዳርፓ በማርች 2004 ሹፌር የሌላቸውን መኪኖች ሞሃቪ በረሃ ላይ አወዳደረ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ በጣም ርቆ የሄደው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቆመ። የ1 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት የወሰደ አልነበረም። ዳርፓ ግን ሽልማቱን እጥፍ አድርጎ ውድድሩን ደገመው። በኦክቶበር 2005 አምስት መኪኖች ጨረሱ፣ የስታንፎርዱ ስታንሊ አንደኛ ወጣ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህ ለጦር መሣሪያ ምርምርም ገንዘብ የሚከፍል ቤት ነው። በ2013 ለክትባት ሠሪው ኩባንያ ለሞደርና እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው ተቋም፣ በ1960ዎቹ ቬትናም ላይ ደን የሚያደርቁ ኬሚካሎችን ሲሞክር ነበር። የቬትናም ሰዎች መዘዙን እስከ ዛሬ ይከፍላሉ። እኛ ጦርነትን በወሬ አይደለም የምናውቀው። ስለዚህ ምን እንደማትሠሩ ገንዘቡ ሳይመጣ ወስኑ፣ በወረቀት ጻፉት። ሃይልማየር «ለማን ይጠቅማል» ካለ፣ እኔ «ማንን ይጎዳል» የሚለውን ጨምሩበት እላለሁ።

በዚህ ሳምንት ለጥያቄዎቹ መልሳችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ፣ በአማርኛም ቢሆን። ከዚያ ከሙያው ውጭ ላለ ሰው፣ ለእህታችሁ ወይም ኡበር ለሚነዳው አጎታችሁ አንብቡለትና መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። እሱ የሳተው ቦታ ላይ ተመልሳችሁ አስተካክሉት፤ ከዚያ ለፕሮፌሰራችሁ ውሰዱት።