“ለልጆቹ ነው” እና ሌሎች የሰመር ሪዲንግ ስህተቶች

አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህ አሜሪካ ሰመር ነው። “የክረምት ንባብ” ብላችሁ ዝናብና ጭቃ ትዝ ይላችኋል። “የበጋ ንባብ” ብላችሁ ደግሞ ጥርና የካቲት። ስለዚህ ሁላችንም እንደምንጠራው “ሰመር ሪዲንግ” ብዬ ልቀጥል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሕዝብ ላይብረሪዎች የሚጀምሩት የንባብ ፕሮግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጁን እስከ ኦገስት ይቆያል። ያነበባችሁትን ትመዘግባላችሁ፣ የተባለው ልክ ላይ ስትደርሱ ሽልማት አለው። ምዝገባው ነፃ ነው።

እኛ የምንኖረው ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ነው። እስካሁን ስድስት ሰመር ተመዝግበናል። ከስድስቱ አራቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

“ለልጆቹ ነው” ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ከዚህ የሚወለዱ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ልጆች አስመዝግቤ ልወጣ ስል ላይብረሪያኗ “አንተስ?” አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ብዙ ላይብረሪዎች ፕሮግራሙን በዕድሜ ይከፍሉታል። ከተወለዱ ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ያሉት ለብቻ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ለብቻ፣ ታዳጊዎች ለብቻ፣ አዋቂዎችም ለብቻ። ገና ፊደል የማያውቅ ሕፃን የሚመዘገብለት የተነበበለት ነው። ለአዋቂዎች ብዙ ጊዜ የሚኖረው ዕጣ ነው።

እኔ ግን “ጊዜ የለኝም” ብዬ ወጣሁ። ሁለት ሰመር ሙሉ ስልኬን ይዤ ሶፋ ላይ ተጋድሜ “አንብቡ!” ስል ከረምኩ። ሦስተኛው ላይ ልጄ፣ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፣ “አባ፣ አንተ ግን ስታነብ አይቼህ አላውቅም” አለችኝ። ክፋት የለበትም፣ እንደ ዜና ነው የነገረችኝ። በማግስቱ ተመዘገብኩ።

በዚያው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ልጄ እሷንም ካላስመዘገብን አለች። እማዬ ጠዋት ጠዋት የዕለት ድርሻዋን ዳዊት ሳትደግም ቡና አትቀምስም። “ይኸው፣ እማማ በየቀኑ ታነባለች” ስትላት እማዬ ተቆጣች። “እኔ እደግማለሁ እንጂ መቼ አነበብኩ?” በማንበብና በመድገም መካከል ያለውን ልዩነት ለላይብረሪያኗ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሌላ ፈተና ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ “በየቀኑ መጽሐፍ ትከፍታለች?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “እንግዲያው ይመዘገባል።”

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ “አንብቡ” የሚል ሰው አላስፈለገም። የልጅቷ ጭንቀት እማማን መብለጥ ሆነ።

መጽሐፉን ለልጁ መምረጥ

ወንዱ ልጄ ኮሚክ ይወዳል። ሦስት አራት ኮሚክ ታቅፎ ሲመጣ “ይሄ ሥዕል እንጂ መጽሐፍ አይደለም” ብዬ አስመለስኩት። በምትኩ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አስያዝኩት። ያ መጽሐፍ ሦስት ሳምንት አልጋው ሥር ተኝቶ፣ አቧራ ጠጥቶ ተመለሰ። እሱም ያን ሰሞን ላይብረሪ እንሂድ ስለው ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ።

ፍሎሪዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ የታተመው በ2010 ነው። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡ ልጆች ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ሰመር በመጣ ቁጥር፣ 12 መጽሐፍ ተሰጣቸው። መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የተለየ ትምህርት አልተጨመረላቸውም። በመጨረሻ የንባብ ፈተናቸው ካልተሰጣቸው ልጆች የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዝነኛ ሰዎች፣ ዘፋኞች፣ የፊልም ገጸ ባሕርያት የነበሩባቸው መጻሕፍት በብዛት ተመርጠው ነበር። እኔ ብሆን አንዱንም አላስመርጥም።

መጽሐፉ ይከብደው እንደሆነ ካሳሰባችሁ መምህራን የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። አንዱን ገጽ ከፍቶ ያንብብ። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆየው። የሚቆጥረው ግን እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ቀላል የሆነበትን ደግሞ አትከልክሉት። እኛስ ዘጠኝ ጊዜ የሰማነውን ቀልድ አሥረኛ ጊዜ አንስቅበትም?

አማርኛው አይቆጠርም ብሎ ማሰብ

ይቆጠራል። እስካሁን ባየሁት ሁሉ በየትኛውም ቋንቋ የተነበበ ይመዘገባል። ብዙ ወላጅ ግን “እንግሊዝኛቸው እንዳይበላሽ” ብሎ አማርኛውን ይደብቃል። ወይም “የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ነው፣ ምን አነብላቸዋለሁ?” ብሎ ጭራሽ ይተወዋል። በአማርኛ አንብቡላቸው። ፊደል ያልቆጠረው ልጅ ያዳምጥ፣ ሥዕሉን ይይ፣ ይጠይቅ። ያነበባችሁትን ደቂቃ የምትሞሉበት ሳጥን ላይ የቋንቋ ጥያቄ የለም።

የድምፅ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። “ማዳመጥ ማንበብ ነው ወይ?” የሚል ክርክር እዚህ አገር አያልቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ይገርመኛል። ሊቢ የሚባለው አፕ ላይ በላይብረሪ ካርዳችሁ በነፃ የምትዋሱት የድምፅ መጽሐፍ ሞልቷል። ኡበር የምትነዱ፣ ሌሊት የምትሠሩ፣ እናንተም በዚህ በኩል መግባት ትችላላችሁ።

ቋንቋ ካነሳሁ አይቀር፣ ዲሲ ከተማ ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ነገር። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛም በዚህ ሕግ ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

ሃያ ደቂቃውን በሰዓት መጠበቅ

ብዙ ፕሮግራም በቀን 20 ደቂቃ ይላል። እኔ የወጥ ቤት ሰዓት ገዛሁ። ልጁ መጽሐፉን ሳይሆን ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ። ሲጮህ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ ግጥም አድርጎ ዘጋው። ሰዓቱን አሁን ለዕንቁላል ነው የምንጠቀምበት። ከመኝታ በፊት ወይም ቁርስ ላይ የተለመደ ጊዜ ካለ ደቂቃው ራሱ ይሞላል።

የዚህ ታናሽ ወንድም ደግሞ ያልተነበበውን መሙላት ነው። ሽልማቱ ደርሶ “ትንሽ ነው የቀረው” ብላችሁ ስትሞሉ ልጁ ያያችኋል። የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳነበበ እየጠቀሱ ማሳፈርማ ይቅር።

በማስጠናት መተካት

የኛ ሰው ነገር፣ ሰመር ሲመጣ የሒሳብ ማስጠኛ ይፈልጋል። እኔም ከፍዬ አውቃለሁ። ማስጠናቱ አይጥቀም አላልኩም። ግን በ1978 የታተመ፣ አትላንታ ውስጥ በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራ የባርባራ ሄይንስ ጥናት አለ። ልጆች በሰመር አእምሯቸው እንዲያድግ ትምህርት ቤትን ጨምሮ ከየትኛውም የሕዝብ ተቋም የበለጠ የረዳው የሕዝብ ላይብረሪ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሳለች። ያ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ልጁን ከማስጠኛው ስታወጡት በላይብረሪው በኩል እለፉ።

መሪ ቃሉን እንደ ትእዛዝ መውሰድ

የብዙ ክፍለ ግዛቶች ላይብረሪዎች በየዓመቱ አንድ የጋራ መሪ ቃል ይጠቀማሉ። የ2024ቱ ጀብዱ ከላይብረሪያችሁ ይጀምራል የሚል ነበር፣ የ2025ቱ ደግሞ ዓለማችንን ቀለም እንቀባ። እኔ የዋሁ ስለ ቀለምና ሥዕል መጽሐፍ ስፈልግ አንድ ቅዳሜ አቃጠልኩ። መሪ ቃሉ ለፖስተሩና ለዝግጅቶቹ ነው። ስለ ዳይኖሰርም ሆነ ስለ እግር ኳስ ብታነቡ ያው ነው።

ቅጣት ፈርቶ አለመዋስ

“መጽሐፍ ቢያዘገይስ? ቢጠፋስ?” የሚል ፍርሃት ብዙ ቤት አለ። የአሜሪካ ላይብረሪዎች ማኅበር በ2019 የመዘግየት ቅጣት ለሰው እንቅፋት ነው ብሎ አቋም ወስዷል። ቺካጎ በዚያው ዓመት ቅጣቱን አነሳች፣ ሲያትል በጃንዋሪ 2020 ተከተለች። ሌሎችም ብዙ ናቸው። የጠፋ መጽሐፍ ግን አሁንም ሊያስከፍል ይችላል። የናንተው ቅርንጫፍ ጋ አንዴ ጠይቁ። የድሮ ዕዳ አለብኝ ብላችሁ ዓመታት የሸሻችሁ ካላችሁ ዕዳው ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

ልጅን አውርዶ መሄድ

ላይብረሪ መዋያ አይደለም። ብዙዎቹ ከስንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን መቆየት እንደማይችል የተጻፈ ደንብ አላቸው። ዕድሜው እንደየቦታው ይለያያል። በሩ ላይ ወይም ድረ ገጻቸው ላይ አለ።

ምዝገባን ለነገ ማለት

አንዳንዱ ቦታ በወረቀት ነው፣ ብዙ ቦታ ቢንስታክ በሚባል አፕ። አንድ ስልክ ላይ ቤተሰቡን በሙሉ ማስገባት ይቻላል። የኔ ችግር አፑ አይደለም። “እሁድ ቁጭ ብዬ አንድ ላይ እሞላዋለሁ” ማለት ነው። እሁዱ አይመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ምን እንዳነበባችሁ ራሱ አይታወሳችሁም።

እማዬ ፍልሰታን ቤቷ ልጹም ብላ ኦገስት ሲገባ ተመለሰች። በቃ ቀረ ብዬ ነበር። እሷ ግን በየሁለት ቀኑ እየደወለች “ለልጅቷ ስጣት” ትላለች። ስልኩን ስሰጣት የደገመችውን ትነግራታለች፣ ልጅቷ ትመዘግባለች። ከኔ ጋር የምታወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር ሲገባ የራሴን የጁላይ ንባብ ላስገባ አፑን ከፈትኩ። ተዘግቷል። የእማዬ ሞልቷል፣ ሽልማቷም የላይብረሪው ስም ያለበት የጨርቅ ቦርሳ ነው። አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይጠብቃል።