ከስትሮክ በኋላ ነርሲንግ ሆም የገባን ወላጅ በማገገሚያው ጊዜ እንዴት መርዳት ይቻላል?

በአሜሪካ አንድ አረጋዊ በስትሮክ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሕይወቱ ከአደጋ መውጣቱ እንደተረጋገጠ ብዙም ሳይቆይ ወደ ማገገሚያ ይላካል፤ ማገገሚያውም ብዙ ጊዜ በነርሲንግ ሆም (ነርሶች ባሉበት የአረጋውያን መኖሪያ) ውስጥ ያለ ክፍል ነው። በእኛ ዘንድ ነርሲንግ ሆም ሲባል ወላጅን ጥሎ መሄድ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ብዙ ቤተሰብ ውሳኔውን አንገቱን ደፍቶ ይቀበልና ቀሪውን ሁሉ ለባለሙያዎቹ ይተዋል። እናቴ ሜሪላንድ ውስጥ በእንዲህ ያለ ክፍል በቆየችባቸው ሳምንታት እንደተማርኩት ግን፣ የሚሰጣት ቴራፒም (የማገገሚያ ሕክምናም) ሆነ የቆይታዋ ርዝመት የሚወሰነው በየዕለቱ ፋይሏ ላይ በሚጻፈው ነገር ነው። ስለዚህ የልጆች ዋና ሥራ ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው የወላጃቸው እውነተኛ ሁኔታ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከሆስፒታል ሳትወጡ የሚጠናቀቁ ጉዳዮች

መደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የማገገሚያውን ወጪ የሚሸፍነው ታማሚው ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ቀናት በተኝቶ ታካሚነት ተመዝግቦ ከነበረ ብቻ ነው፤ የሚወጣበት ቀን አይቆጠርም። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሁሉ በተኝቶ ታካሚነት የተመዘገበ ላይሆን ይችላል፤ «ኦብዘርቬሽን» በሚባለው የክትትል መደብ የታለፉ ሌሊቶች ለዚህ ስሌት አይረዱም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «እናታችን የተመዘገበችው በየትኛው መደብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጃችሁ ያላቸው ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ከሆነ የ3 ቀኑ መስፈርት ሊቀር ይችላል፤ በምትኩ ብዙ ጊዜ የኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነርሲንግ ሆሙም አብዛኛውን ጊዜ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚሠራ መሆን ይኖርበታል።

መስፈርቱ ከተሟላ ሜዲኬር የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ግን ታማሚው በየቀኑ የሚከፍለው ድርሻ አለ፤ እርሱም በ2025 እ.ኤ.አ. 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። 100 ቀን የተፈቀደው ጣሪያ እንጂ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። በልጆቻቸው አማካይነት በግሪን ካርድ የመጡና የራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው የ10 ዓመት የአሜሪካ ሥራ የሌላቸው ወላጆች ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት እንኳ 65 ዓመት መሙላትና 5 ዓመት በተከታታይ መኖር ይጠበቅባቸዋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ የሜዲኬድ፣ ደንብ ደግሞ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) ሳትዘገዩ አነጋግሩ።

ነርሲንግ ሆሙን ለመምረጥ የሜዲኬር ድረ ገጽ ከ1 እስከ 5 ኮከብ የሚሰጥበት ማወዳደሪያ አለ። እኔ ከጠቅላላው ኮከብ ይልቅ የሠራተኛውን ብዛት የሚመለከተውን ክፍል አምናለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ቅርበትን አስቀድማለሁ። ከአንዱ ልጅ ቤት 10 ደቂቃ ላይ ያለ ባለ 3 ኮከብ ቤት፣ አንድ ሰዓት ከሚነዳበት ባለ 5 ኮከብ ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ቅዳሜ ወይም እሑድ አመሻሽ ላይ ሄዳችሁ ታማሚ ነርስ ሲጠራ የሚበራው መብራት በርቶ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ተመልከቱ።

በመግቢያው ቀን ብዙ ወረቀት ይቀርባል። ልጅ በራሱ ገንዘብ ለክፍያው ዋስ እንዲሆን ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ እንዲህ ያለ መስመር ካለ አትፈርሙ። ክርክር ቢነሳ በፍርድ ቤት ፋንታ በግልግል ይታያል የሚለውንም ወረቀት ያለመፈረም መብት አላችሁ፤ ፈርማችሁ ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ መሻር ትችላላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ቤቱ የመጀመሪያውን የእንክብካቤ ዕቅድ በ48 ሰዓት ውስጥ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፤ ማጠቃለያውን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ከእኅትና ወንድም መካከል ስልክ የሚቀበል አንድ ሰው ሰይሙ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የጆሮ ማዳመጫ በስማቸው ተጽፎበት ይምጣ። እናቶቻችን የሚወዱት ነጠላ ጫማ ለቴራፒ አይሆንም፤ ተረከዙ የተዘጋና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ እግር ስለሚያብጥም በአንድ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ ግዙ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

ከሁሉ አስቸጋሪው ጉዳይ ይህ ነው፤ የብዙ ወላጆቻችን ቴራፒ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የእኛ ታላላቆች ስለ ጤንነታቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ምስጋና ነው፤ ሕመማቸውን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ከጨዋነት አይቆጥሩትም። ነርሷ ጠዋት መጥታ ሕመሟን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንድትገልጽ ስትጠይቃት እናቴ ፈገግ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ነርሷም «ሕመም የለም» ብላ ትጽፋለች። ሕመም ከሌለ የሕመም ማስታገሻ አይሰጥም። ከሰዓት ቴራፒስቱ ሊያቆማት ሲሞክር የሰለለው እጇ ትከሻው ላይ ክፉኛ ስለሚወጋት ራሷን ነቅንቃ ዐይኗን ትጨፍናለች፤ እርሱም «ፈቃደኛ አልሆነችም» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ሲደጋገሙ የኢንሹራንሱ ሰው የሚያነበው መሻሻል የማትፈልግ ታማሚን ነው፤ ትከሻው ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።

መፍትሔው የሚጀምረው ከአስተርጓሚ ነው። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም ሆነ በ2010ሩ የጤና ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ በስልክ ወይም በታብሌት የሚሠራ የአማርኛ አስተርጓሚም ይገኛል። «አስተርጓሚ ያስፈልጋል» የሚለው ፋይሏ ላይ እንዲሰፍርና አልጋዋ አጠገብ እንዲለጠፍ ጠይቁ። ልጆች ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ቢያስተረጉሙ ምንም አይደለም፤ ሐኪሙ ስለ በሽታው ሲናገር ግን ክፉውን ወሬ እያለዘብን፣ የወላጃችንንም መልስ እያሳመርን ስለምናቀርበው ባለሙያው ያስተርጉም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ ነርሲንግ ሆሞች የሚሠሩ የሀገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሰላምታቸው ራሱ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የራሳቸው ታማሚዎች ስላሉባቸው የማስተርጎሙን ኃላፊነት እነርሱ ላይ አትጣሉ።

ቀጥሎ የጥያቄውን አቀራረብ አስለውጡ። «ያምሻል?» ለሚለው የሚመጣው መልስ ስለሚታወቅ «ስትነሺ የትኛው ቦታሽ ይወጋሻል? ሌሊት በየትኛው ጎንሽ መተኛት አቃተሽ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ በጣትም ታሳይ። እኛ ዘንድ ይህ ሲደረግ እናቴ በደህናው እጇ ትከሻዋን ይዛ፣ በቀስታ ወደ ክርኗ እየወረደች የሚያማትን መስመር በሙሉ አሳየች። ከዚያ በኋላ የማስታገሻው መድኃኒት ከቴራፒው ሰዓት አስቀድሞ እንዲሰጣት ታዘዘ፤ የሰለለው ክንድም በትራስ እንዲደገፍና ማንም በዚያ እጅ ስቦ እንዳያነሳት ተጻፈ። ይህን የመጨረሻውን ለጠያቂዎችም ንገሩ፤ ከስትሮክ በኋላ የሰለለን ክንድ መጎተት ትከሻውን ይጎዳል።

«እምቢ አለች» የሚለው ቃል ከሕመም ሌላም መነሻ አለው። ነጠላዋን ሳትለብስ በወንዶች ፊት በኮሪደር መገፋት ያሳፈራት፣ ጸሎቷን ሳትጨርስ የተጠራች፣ ገላዋን ወንድ እንዲያጥባት የማትፈልግ እናት ምክንያቷን የሚጠይቃት ከሌለ ዝም ትላለች። እምቢታ በተጻፈ ቁጥር ምክንያቱም አብሮ እንዲጻፍ፣ ቴራፒስቱም በዚያው ቀን በሌላ ሰዓት ተመልሶ እንዲሞክር ጠይቁ።

እጅን መሰብሰብ

ወላጅን ማጉረስ፣ ደግፎ ማንሳት፣ ጫማ ማድረግ ለእኛ የፍቅር መግለጫ ነው። የማገገሚያው ሥራ ግን ታማሚው ማንኪያውን ራሱ እንዲይዝ፣ የልብሱን ቁልፍ ራሱ እንዲቆልፍ ነው፤ አንጎል የጠፋበትን መንገድ የሚያገኘው በመደጋገም ነው። እናቴ አንዲት ማንኪያ ሾርባ ወደ አፏ ለማድረስ የምትታገለውን ትግል እጄን አጣጥፌ መመልከት ከሁሉ የከበደኝ ነገር ነበር። ከቴራፒስቱ ጋር የቤተሰብ ሥልጠና እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማሸጋገርን በዐይን አይቶ መማር አይቻልም።

ጠያቂም በሰዓቱ ይምጣ። የደብሩ ሰው፣ ጎረቤቱና ዕድርተኛው በአንድ ጊዜ ክፍሉን ሲሞሉት፣ ታማሚዋ ለእያንዳንዱ ተነሥታ ለመመለስ ስትጥር ለቴራፒ የሚሆናትን ጉልበት ትጨርሳለች። ቴራፒ ካለቀ በኋላ ያለውን ሰዓት ለጠያቂ መድባችሁ ለሁሉም አሳውቁ።

ስለ ምግብ ግን በጥብቅ ልናገር። ስትሮክ የመዋጥ ችሎታን ሊጎዳ ይችላል፤ ቀጭን ውኃ እንኳ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። የስፒች ቴራፒ (የንግግርና የመዋጥ ሕክምና) ባለሙያዋ መጠጥ እንዲወፍር ካዘዘች፣ ከቤት በፔርሙስ የሚመጣው ቡናም፣ ሻይም፣ አጥሚትም በዚያው ልክ መወፈር አለበት። ደረቅ ፍርፍርና ቆሎ አይሞከሩም። ከቤት ልታመጡ ያሰባችሁትን አስቀድማችሁ ለእርሷ አሳዩ፤ እኛ ያመጣነውን ሽሮ አይታ ሳይጎጉል ለስልሶ እስከተሠራ ድረስ ፈቅዳለች፤ እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት ጀመረች። ጾምን በተመለከተ የነፍስ አባታቸው መጥተው ወይም በስልክ ራሳቸው ይንገሯቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታማሚ ጾሙን ታቀልላለች፤ ከልጅ አፍ ሲሰሙት ግን አይቀበሉትም። ሙስሊም ወላጅ ካላችሁ የአሳማ ተዋጽኦ እንዳይቀርብ ለወጥ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

ተረከዝና መቀመጫ አጥንት አካባቢ ያለውን ቆዳ በየጊዜው ራሳችሁ ተመልከቱ። የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ለነርሷ ንገሩ።

«ለውጥ የላትም» ሲባል

በየጊዜው በሚደረገው የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ላይ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ ግቡ። «መሻሻሏ ስለቆመ ሜዲኬር አይከፍልም» የሚል ነገር ከሰማችሁ፣ «ጂሞ» በሚል ስም የሚታወቀውንና በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን የፍርድ ቤት ስምምነት ጥቀሱ። በእርሱ መሠረት ባለሙያ የሚያስፈልገው ሕክምና፣ ታማሚው ያለበትን ሁኔታ ለመጠበቅ ወይም እየባሰ እንዳይሄድ ለመከላከል ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ በሜዲኬር ሊሸፈን ይችላል።

ሽፋኑ ሊቋረጥ ሲል ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት የጽሑፍ ማስታወቂያ ሊደርሳችሁ ይገባል። ፊርማው ወረቀቱ መድረሱን ብቻ የሚያረጋግጥ ስለሆነ መፈረም በውሳኔው መስማማት አይደለም። ይግባኝ ለማለት ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ፣ ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ መደወል ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። ወረቀቱን አማርኛ ብቻ ለምትናገር እናት ሰጥተው እንዳይሄዱ፣ ለተሰየመው ልጅ እንዲደወል አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። ከቤቱ ጋር መግባባት ሲያቅት በየስቴቱ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች በነጻ የሚቆመውን ኦምቡድስማን ጥሩ፤ ስልኩ በግልጽ መለጠፍ አለበት።

ወደ ቤት መመለስ

የመውጫው ቀን ከመድረሱ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን፣ የደረጃውንና የአልጋውን ፎቶና ልክ የዕለት ተዕለት ሥራን ዳግም ለሚያለማምደው ባለሙያ፣ ለኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ፣ ስጡ። ደረጃ ካለ በቴራፒው ክፍል ደረጃ መውጣትን፣ መኪና ውስጥ መግባትንም ታማሚዋ ትለማመድ። ዎከሩ፣ የመታጠቢያው ወንበርና ቤት ድረስ የሚመጡት ነርስና ቴራፒስት ከመውጣቷ በፊት ይታዘዙ። መውጫው አርብ ከሰዓት ከሆነ ቅዳሜና እሑድን ያለ ዕቃና ያለ ባለሙያ ስለምታሳልፉ ሌላ ቀን ጠይቁ። በመጨረሻም ከሆስፒታል የመጣውን፣ ነርሲንግ ሆሙ የሰጠውንና በቤት መሳቢያ ያለውን የመድኃኒት ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከነርሷ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንድ መድኃኒት በሁለት ስም ተጽፎ እጥፍ እንዳይወሰድ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥነውንና የግፊቱን፣ እያንዳንዱ የሚወሰድበትን ሰዓት በአማርኛ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ።