ሚል-53 ጋዝ አልቀበል ሲላችሁ

ሚል-53 ከብረትና ከኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራ፣ ጋዝ የሚይዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ክሪስታል ነው። የጋዝ መለኪያ ማሽኑን ሊክ (ጋዝ የሚያፈስበትን ቦታ) መፈተሹንና የፈሳሽ ናይትሮጅኑን መጠን ማየቱን ታውቁታላችሁ፤ እዘለዋለሁ።

ምልክቱ፦ በ77 ኬልቪን በናይትሮጅን ስትለኩት የአሉሚኒየም ሚል-53 የገጽ ስፋት እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። በደንብ የጸዳው በግራም 1,100 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል።

መንስኤው፦ ቀዳዳው ባዶ አይደለም። ክሪስታሉ ሲሠራ የተረፈው ቴሬፍታሊክ አሲድ ውስጡ ተወትፏል። እኔ ጋ የሚመጣው ሳምፕል ሁሉ ማለት ይቻላል ችግሩ ይኸው ነው። አንድ ተማሪ ደጋግሞ በውሃ አጥቦ፣ በ150 ዲግሪ ቫኪዩም ውስጥ አሳድሮ አመጣልኝ። ዱቄቱ ነጭ፣ ደረቅ፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር። በኢንፍራሬድ ስናየው ግን የሞገድ ቁጥሩ በሴንቲሜትር 1,700 አካባቢ ያልታሰረው አሲድ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አሲዱ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ 150 ዲግሪም ከቀዳዳው አያስወጣውም።

መፍትሄው፦ አየር ባለበት ፉርነስ 330 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሦስት ቀን ያህል ይቆይ። ዱቄቱን አትከምሩት፤ በሰፊ ሳህን ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ፉርነሱ ጭስ መሳቢያ ስር ይሁን። ደግሞ የርካሽ ፉርነስ ሰሌዳ 330 ስላለ ውስጡ 330 ነው ማለት አይደለም! በሌላ ቴርሞሜትር አረጋግጡ። ከ500 ዲግሪ ካለፈ ክሪስታሉ ራሱ ይፈርሳል። ሲጨርስ ኢንፍራሬዱን ድገሙት። የ1,700ው ጫፍ ካልጠፋ መለካት አትጀምሩ፤ ናይትሮጅን ማባከን ነው።

ጽዱውን ዱቄት ክፍት ትታችሁ ምሳ አትውጡ። ከአየሩ እርጥበት ይስብና ቀዳዳው ይጠባል። ይሄ ግን ቀላል ነው፤ 150 ዲግሪ ቫኪዩም ውስጥ ሲያድር ይመለሳል። ክብደቱን መመዘን ከዚያ በኋላ ነው።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስትለኩ፣ ግፊት ሲጨምር የተያዘውን ጋዝ የሚያሳየው መስመር ወጥቶ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ እንደ ደረጃ እንደገና ከወጣ፣ ግፊቱ ሲቀንስ መመለሻውም በሌላ መንገድ ከመጣ ብልሽት አይደለም። መዋቅሩ መጀመሪያ ጋዙን አቅፎ ይጠባል፤ ግፊት ሲጨምር ይከፈታል። ሁለተኛው ደረጃ በክፍል ሙቀት ጥቂት ባር ይፈልጋል። እስከ 1 ባር ብቻ የሚለካ ማሽን አያሳያችሁም። ደረጃው አካባቢ ነጥብ አብዙ፤ ግፊቱ እስኪረጋ ጠብቁ፣ አትቸኩሉ።

ዱት-49 በሚባለው ሌላ መሰል ክሪስታል ላይ ሚቴን በ111 ኬልቪን ስትለኩ ግፊቱ በድንገት ከጨመረ ሊክ ብላችሁ ማሽኑን አትፍቱ። መዋቅሩ ተጨምቆ ጋዙን መልሶ እየተፋ ነው፤ በ2016 የታወቀ ጠባዩ ነው።

ደረጃው ከሳምፕል ሳምፕል ቦታ ከቀየረ የክሪስታሉን መጠን እዩ። ዱቄቱንም በሙቀጫ አትፍጩት።